ልጆቻችን ጠብን በመላ እንዲፈቱ ማን ያስተምራቸው?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በዚህ ዓምድ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና ስለ ኑሮ ውድነት ብዙ አንባብያን ጽፈዋል፤ መጻፋቸውም ተገቢ ነው። እኔ ግን እንደ ቀላል ነገር ስለሚታለፈው ስለ ልጆች ጠብ ጥቂት የምለው ስላለኝ ቦታ እንዲሰጠኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ ለጊዜው የልጅ ነገር ይምሰል እንጂ ፍጻሜው የአገር ነገር ነው።

እኔ በመንዝ ደጋ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። እንደሚታወቀው በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ከገጠር ቀበሌ ወደ ወረዳ ከተማ ለትምህርት የሚመጣ ልጅ ብዙ ጊዜ ከባልንጀራው ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ከቤቱ የሚላክለትን ስንቅ እየበላ፣ በዚያ ዕድሜው ራሱን እያስተዳደረ ይማራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ አብረው የሚኖሩ ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ተጣሉ። የጠቡ ምክንያት አንድ ከረጢት በሶ ነበር። ቅዳሜ የመጣለትን በሶ ሰኞ ማታ ፈልጎ ያጣው ልጅ «ባልንጀራዬ በልቶብኛል» ብሎ በልቡ ቈረጠ፤ አንድ ቃል ሳይጠይቅም ማክሰኞ ጧት በትምህርት ቤቱ ግቢ ባልንጀራውን በድንጋይ ፈነከተው።

የዚያን ዕለት ተረኛው መምህር እኔ ነበርሁ። የተመታውን ወደ ጤና ጣቢያ ልኬ ቍስሉ ከታሰረለት በኋላ፣ ሁለቱንም በሰልፍ ፊት አቁሜ፣ የጠቡን ምክንያት እንኳ ሳልጠይቅ «ሁለታችሁም ናችሁ» ብዬ በአርጩሜ ገረፍኋቸው። የተመታውን ለምን ገረፍህ ብባል ዛሬ መልስ የለኝም። ያን ጊዜ ግን ግዴታዬን በሚገባ የፈጸምሁ መስሎኝ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ጠቡ ግን በዚያ አልበረደም። የተፈነከተው ልጅ ታላላቅ ወንድሞች ዱላ ይዘው የሌላውን ልጅ አባት መንገድ ላይ ጠበቁት። ደግነቱ የሰው ሕይወት ሳይጠፋ የአገር ሽማግሌ ገባበትና አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ለዕርቅ ተቀመጡ። እኔም ተጠርቼ ሄድሁ። አባቶቹ በየተራ እየቆሙ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ሳያቋርጥ፣ ዋስ እየጠሩ ሲናገሩ ግማሽ ቀን ሆነ። ልጆቹ ግን ራቅ ብለው በቅሎ እንዲጠብቁ ተደርገው ነበር። በመጨረሻ አንድ በዕድሜ የገፉ ሽማግሌ «እስቲ ያን ልጅ ጥሩልኝ» አሉ። ልጁ መጣ። «ልጄ፣ በሶህን እሱ እንደ በላብህ በምን አወቅህ?» ብለው ጠየቁት። ልጁ አቀርቅሮ ቆየና «አላየሁም፤ መሰለኝ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ለምስክርነት መጥተው የነበሩት የቤቱ አከራይ ተነሥተው፣ የክፍሉ ጣራ ስላፈሰሰ ከረጢቱን አንሥተው በራሳቸው ጓዳ ያስቀመጡት እርሳቸው እንደ ሆኑ ተናገሩ። «እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ?» ቢባሉ «ደም ከፈሰሰ በኋላ ፈራሁ፤ የጠየቀኝም የለም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከጠየቁት መካከል መሆን የነበረብኝ እኔ ነበርሁ፤ አልጠየቅሁም።

አባቶቹ ታረቁ፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባባሉ። የመታው ልጅ ግን ወደ ትምህርቱ ሳይመለስ ቀረ። ባልንጀሮቹ እንደ ነገሩኝ በሰልፍ ፊት የተገረፈበትን ኀፍረት መሸከም አልቻለም። በሒሳብ ትምህርት ከክፍሉ የሚቀድመው አልነበረም። ሽማግሌው እሑድ የጠየቁትን ጥያቄ እኔ ማክሰኞ ጧት ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ልጆች ዛሬ የት በደረሱ እያልሁ አስባለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝም ይኸው ነው።

እኔ በበኩሌ የተረዳሁት ነገር አንድ ነው። ልጆች የሚደባደቡት ሁልጊዜ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከቡጢና ከድንጋይ ሌላ መላ በእጃቸው ስለሌለ ነው። መላ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም፤ እንደ ፊደልና እንደ ሒሳብ ይማሩታል።

ይህ የእኔ የብቻ ሐሳብ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ኬኔት ዶጅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 ባወጡት ጥናት፣ ልጆች የሚገጣጥሙት የሥዕል ጨዋታ በሌላ ልጅ እጅ እንደ ተበላሸባቸው እንዲያምኑ አደረጉ። አጥፊው ሆን ብሎ ማድረጉ ወይም ሳያስበው መሆኑ በግልጽ በታወቀ ጊዜ ጠበኞቹም ሰላማውያኑም ልጆች የሰጡት ምላሽ ተቀራራቢ ነበር። ነገሩ በውል ባልታወቀ ጊዜ ግን ጠበኞቹ ልጆች ሆን ብሎ እንደ በደላቸው ቈጥረው ተነሡበት፤ ሌሎቹ ግን ሳያስበው እንዳደረገው አድርገው አለፉት። እንግዲህ የልዩነቱ ሥር ያለው ከጡንቻ ሳይሆን ከግምት ነው። የእኛውም በሶ ከዚህ አይለይም። ደም ያፈሰሰችው «መሰለኝ» የምትለው ቃል ናት።

ያ ክፉ ግምት ከየት ይመጣል? እኒሁ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1990 ባወጡት ሌላ ጥናት ሦስት መቶ የሚያህሉ ሕፃናትን ከአራት ዓመታቸው ጀምሮ ተከታትለው፣ በቤታቸው ክፉኛ የተመቱት ልጆች የሌላውን አድራጎት በክፋት የመተርጐም ልማድ እንደሚያድርባቸውና በኋላም ከእኩዮቻቸው ይልቅ ጠበኞች እንደሚሆኑ አሳይተዋል። ስለዚህ እኔ በአርጩሜ ጠብን የማበርድ መስሎኝ ሳለ ለነገ ጠብ ዘር መዝራቴ ነበር። ልጁ ከእኔ የተማረው «ጕልበት ያለው ሳይጠይቅ ይመታል» የሚለውን ትምህርት ብቻ ነው፤ ይህንማ ማክሰኞ ጧት ከእኔ በፊት ያውቀው ነበር።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ደንግጓል። ይሁን እንጂ «ያንግ ላይቭስ» የተባለው የረጅም ዘመን ጥናት በፈረንጆች 2009 በኢትዮጵያ የስምንት ዓመት ልጆችን ቢጠይቅ፣ ከመቶ 38ቱ ባለፈው ሳምንት በመምህር እንደ ተመቱ፣ ከአራቱም ሦስቱ ያህል ሌላ ልጅ ሲመታ እንዳዩ ተናግረዋል። ሕጉ በወረቀት ላይ ሳለ አርጩሜው በእጃችን ነበር ማለት ነው። እኔም ከሕግ ጥሰኞቹ አንዱ ነበርሁና ማንንም ለመክሰስ አልጽፍም።

አንዳንድ አንባብያን ግን «እናቴ በእንቁላሉ በቀጣሽኝ» የሚለውን ተረት አንሥተው፣ ያልተቀጣ ልጅ መጨረሻው ገመድ ነው ይሉኝ ይሆናል። ተረቱ እውነት ነው፤ እኔም እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ተረቱ «በቀጣሽኝ» አለ እንጂ «በገረፍሽኝ» አላለም። ያች እናት ልጇን ስለ እንቁላሉ ብትጠይቀው፣ የማን እንደ ሆነ ብታስረዳው፣ ባለቤቱ ምን እንደሚሰማው ብትነግረውና ራሱ ወስዶ እንዲመልስ ብታደርገው ኖሮ ከግርፋት የበለጠ በቀጣችው ነበር። እኔ ልጅ አይቀጣ አላልሁም። ቅጣት ትምህርት ይሁን ነው የምለው።

በዚህ ነገር ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ የአገራችን ሁኔታ ነው። የመንዝ ሰው በጀግንነቱና በሙግቱ ይታወቃል፤ ስለዚህም ጠበኛ ነው የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉ ሰዎች የነገሩን ግማሽ ብቻ አይተዋል። በመንዝ ያለው የጓሳ ሣር ምድር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። የአቅኚ አባቶች ተወላጆች አለቃ መርጠው፣ ምድሩን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያህል ዘግተው፣ በተቈረጠ ቀን ከፍተው፣ ሕግ ያፈረሰውን ራሳቸው እየቀጡ፣ ሣሩን ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። የመሬት ይዞታ አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ሥርዓቱን እስኪያስቀረው ድረስ ይህ ሁሉ የተደረገው በስምምነት ነው። ሣር ለከብትና ለበግ ሕይወት በሆነበት ብርዳም ደጋ፣ ሣርን ያህል ነገር ተማክሮ መካፈል የቻለ ሕዝብ ጠብን በመላ መፍታት አያውቅም አይባልም።

ታዲያ ጉድለቱ የቱ ላይ ነው? ጉድለቱ ይህን ጥበብ ለአዋቂዎች ብቻ አድርገን ማስቀረታችን ነው። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ተቀምጠው አጥንተው በፈረንጆች 1965 ባሳተሙት «ሰምና ወርቅ» በተባለው የእንግሊዝኛ መጽሐፋቸው፣ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ መታዘዝንና ታላቅን ማክበርን እንዲማር እንደሚደረግ ጽፈዋል። ታላቅን ማክበር መልካም ነው፤ ይቅር የሚል ሰው አይኑር። ነገር ግን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እያልን ልጁን ከሸንጎው ስናርቀው፣ በቅሎ ጠብቅ ብለን ስንሰደው፣ አባቱ እንዴት እንደሚናገር፣ ባላጋራው እንዴት እንደሚሰማ፣ ሽማግሌው እንዴት እንደሚጠይቅ ሳያይ ያድጋል። ከዚያም አንድ ቀን ጢም ሲያበቅል ድንገት አስታራቂ እንዲሆን እንጠብቃለን።

ልጆች በራሳቸው ሲተዉ ግን ሸንጎ መሥራት አያቅታቸውም። እኔም እስከ ዘጠኝ ዓመቴ በግ ጠብቄአለሁ። በግ የመመለስ ተራውን ያጓደለ ልጅ ወይም በጎቹ ከሰው ገብስ የገቡበት ልጅ በእረኞቹ መካከል ቆሞ ይጠየቅ ነበር። ጥፋቱ ከታመነ ቅጣቱ የሁላችንንም በግ ለብቻው ሲመልስ መዋል ነበር፤ ተበደልሁ የሚል ካለም ይሰማል። በገና ጨዋታም ቢሆን ዱላው ሁሉ ሲወዛወዝ፣ ጥንጓ ስትበር፣ ወገን ተለይቶና አለቃ ተመርጦ ነው፤ ታላቅ ሰው እንኳ በጨዋታው ቢመታ እንዳይቆጣ ልማዱ ያዛል። ቀድሞ «እረኛ ምን አለ?» ተብሎ ይጠየቅ የነበረው በከንቱ አይደለም። ዘሩ አለ፤ ያልነበረው የሚያርምና የሚኮተኩት ሰው ነው።

ይህ ዘር ሊኮተኮት እንደሚችልም የተረጋገጠ ነው። በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ ጆርጅ ስፒቫክና ማይርና ሹር የተባሉ ሊቃውንት ከ1970ዎቹ ጀምሮ የድኾች ልጆች በሚውሉባቸው የሕፃናት ትምህርት ቤቶች የአራትና የአምስት ዓመት ልጆችን በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ እያጫወቱ አስተማሩ። ያስተማሩት ትልቅ ፍልስፍና አይደለም። «ነው» እና «አይደለም»፣ «ወይም»፣ «ምናልባት» የሚሉትን ቃላት በጨዋታ ካስለመዱ በኋላ፣ ልጁ ባልንጀራው ምን እንደ ተሰማው እንዲገምት፣ መጫወቻ ሲቀማ ከመምታት ሌላ ምን ማድረግ እንደሚችል እንዲያስብ፣ ከዚያም «እንዲህ ብታደርግ ምን ይሆናል?» ለሚለው መልስ እንዲፈልግ አደረጉ። መፍትሔውን መምህሩ አይሰጠውም፤ «ሌላስ?» እያለ ይጠይቀዋል እንጂ። ውጤቱም መልካም ሆነ። ቁጡዎቹ ልጆች ቁጣቸው ቀነሰ፤ ከመጠን በላይ ዓይን አፋር የነበሩትም ደፈሩ።

እኔም ይህን ባነበብሁ ጊዜ የልጅነት ትምህርት ቤቴ ትዝ አለኝ። የተማርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። ሁለት ልጆች ስንጣላ አንዲት መነኩሲት መምህርት በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀምጡንና እያንዳንዳችን የራሳችንን ሳይሆን የባላጋራችንን ነገር እንድንናገር ያደርጉን ነበር። ባላጋራዬ «አዎን፣ ያልሁት ይህን ነው» እስኪል ድረስ የራሴን ቃል መናገር አይፈቀድልኝም። የምሳ ደወል እስኪደወል የተቀመጥንበት ቀን አለ። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያደግሁ ሰው መምህር ስሆን አርጩሜ ማንሣቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ለማየት እንደሚቻለው ሰው በችኮላ ጊዜ የሚያደርገው የተማረውን ሳይሆን በዙሪያው የለመደውን ነው።

ከዚያ እሑድ ወዲህ በክፍሌ ውስጥ ያን ወንበር መልሼዋለሁ። ሊከስ የመጣ ተማሪ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ምን አየህ? ምን መሰለህ? ያየኸውና የመሰለህ አንድ ናቸውን? ቀጥሎ የባላጋራውን ቃል ይናገራል፤ በመጨረሻም ሁለቱ ቢያንስ ሦስት መላ አምጥተው አንዱን ይመርጣሉ። ስድሳ ያህል ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ ጊዜ ይፈጃል፤ ሁልጊዜም አይሳካም። ባለፈው ዓመት ሁለት ልጆች በፊቴ ታርቀው ከበር ሲወጡ ተደባድበዋል። ይሁን እንጂ ሌሎች ሁለት ሴት ተማሪዎች ደግሞ ወደ እኔ ሳይመጡ በራሳቸው «ምን አየሽ፣ ምን መሰለሽ» ሲባባሉ በመስኮት ሰምቻለሁ። ከአርጩሜ እንዲህ ያለ ፍሬ አላየሁም።

ይህን ጋዜጣ የምታነቡ በደብረ ብርሃንም ሆነ በአዲስ አበባ የምትኖሩ የመንግሥት ሠራተኞች ነገሩ የገጠር እረኞች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በከተማ ብዙ ወላጅ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲልክ «ተመትተህ እንዳትመጣ፤ ተመትተህ ከመጣህ እኔ እደግምሃለሁ» ይለዋል። ያ ልጅ አድጎ የመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ይሰጠዋል። እንግዲህ በየመሥሪያ ቤታችን ከባልደረባው ጋር ያልተግባባ ሠራተኛ ፊት ለፊት ተነጋግሮ ነገሩን ከመጨረስ ይልቅ ለምን ስም የሌለው የክስ ወረቀት እንደሚጽፍ፣ ለምንስ ዓመት ሙሉ ሰላምታ እንደሚነፍግ እንጠይቅ። ድንጋዩ ወረቀት ሆነ እንጂ «መሰለኝ» ያው «መሰለኝ» ነው።

ጊዜውም የሚያዘገይ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ በገባ ጊዜ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ከክፍል ውጭ ውለዋል። ከእርሳስ አስቀድሞ የጥይት ቀለህ የለቀመ ሕፃን አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ልጅ ወደ ክፍል ሲመለስ አርጩሜ ይዘን ብንቀበለው ከሜዳው ያየውን ማጽናታችን ነው። ታላላቆች ያልፈቱትን ጠብ ልጆች እንዲፈቱ መጠየቅ አይገባም፤ ነገር ግን የሚፈቱበትን ጥበብ ነፍገናቸው እንዳያድጉ ማድረግ ይቻላል።

ስለዚህ ከዚህ የሚከተለውን አሳስባለሁ። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል በጀመረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የግብረ ገብ ትምህርት ለታችኞቹ ክፍሎች መመለሱ የሚያስመሰግን ነው። ግብረ ገብ ግን ተሸምድዶ ለፈተና የሚጻፍ ቃል ብቻ ከሆነ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ክፍለ ጊዜ ልጆች እውነተኛ ጠባቸውን ይዘው የሚቀርቡበትና መላ የሚያመጡበት ይሁን። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆችም ወጣቱን መምህር ጠብን እንዴት እንደሚሰማና እንደሚጠይቅ በተግባር ያለማምዱት፤ «አትምታ» ብቻ ብሎ ባዶ እጁን መስደድ መምህሩንም መበደል ነው። የወላጅና መምህራን ኅብረቶች የአካባቢውን ሽማግሌዎች ወደ ትምህርት ቤት ጋብዘው ልጆች የዕርቅን ሥርዓት በዓይናቸው እንዲያዩ ያድርጉ። ለዚህ ሁሉ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ አንድ አግዳሚ ወንበርና ትዕግሥት ይበቃል።

ወላጆችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ልጃችሁ ነገ እያለቀሰ ሲመጣ «ማን መታህ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ሆነ? እሱስ ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁት። ሽማግሌ ቤታችሁ ሲቀመጥም ልጁን ወደ ጓዳ አትስደዱት፤ ከጥግ ተቀምጦ ይስማ።

ያ ልጅ ዛሬ የት እንደሚገኝ ጠይቄ አባቱ ዘንድ በግ እያረባ እንደሚኖር ሰምቻለሁ። በመጪው ክረምት ወርጄ ይቅርታ ልጠይቀው፣ ቢፈቅድም ወደ ትምህርቱ እንዲመለስ ልለምነው ቈርጫለሁ። እስከዚያው ግን በእርሱ ላይ የደረሰው በሌላ ልጅ ላይ እንዳይደርስ ይህን ጻፍሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከመንዝ